ወተቱን መራራ ያደረገው አጥርህ ነው

ደምሴ፣

ከተለያየን ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እንደምን ከርመሃል ብዬ አልጠይቅህም። እኔ ጉልበቴን ከማመሙ በቀር ደኅና ነኝ። ዕድሜ ልኬን አንቱ ስልህ ኖሬአለሁ። ዛሬ አንተ ያልኩህ ተቆጥቼ ነው፤ ቁጣዬ ሲበርድ ወደ ቀድሞው እመለስ ይሆናል።

የምጽፍልህ ናፍቄህ አይደለም። ናፍቆቱስ አለ፤ እሱን ለብቻው አስቀምጬዋለሁ። የፊታችን እሑድ በዕድራችን ስብሰባ ላይ ተነሥቼ ስለ አንተ የምናገረው ነገር አለኝ። ሰውን በሌለበት እንዳላማው ተመክሬ ያደግሁ ነኝና አስቀድመህ ከእኔው ስማ።

መጀመሪያ የቤቱን ነገር ልንገርህ። እስከ በራችን ድረስ ኮብልስቶን ተነጥፏል፤ ስትራገመው የኖርከው ጭቃ የለም። ቆርቆሮው በኩሽናው በኩል ያፈሳል። «እኔ ራሴ እወጣበታለሁ» እያልክ ስንት ክረምት እንዳለፈ ታውቀዋለህ። ትልቋ ላም ሞታለች፤ አሁን የምትታለበው ልጇ ቡሬ ናት። አጥርህ ግን የለም። ከነሥሩ ነቅዬዋለሁ።

የትኛው አጥር እንዳትለኝ። ባለሙያዎቹን ይዘህ ጭላሎ ተራራ በወጣህ ጊዜ ከመኪናው ኋላ ጭነህ ያመጣኸው የጭቁኝ ቁጥቋጦ ነው፤ ያ ቅጠሉ አመድማ የሆነ፣ የነካው እጅ ሽታው የማይለቀው። ቁንጫ ያባርራል ብለህ በበረቱ ዙሪያ፣ ከግርግሙ አጠገብ ተከልከው። የግብርና መሥሪያ ቤት ሹፌር ነበርክ። ባለሙያ ያመላለሰ ሁሉ ባለሙያ የሆነ ይመስለዋል።

አጥሩ አድጎ በተጠጋጋበት በጋ ወተታችን መረረ። አንድ ጊዜ ተጎንጭተህ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥክና እኔን አየኸኝ። እኔ ደግሞ ጫልቱን አየሁ። ስድስት ዓመት በቤታችን የኖረች፣ ላማችንን የምታልብ ልጅ። ማለቢያውን ቅል በግራዋ ቅጠል ፈትጋ፣ በሙቅ ውሃ አለቅልቃ፣ በወይራ ጢስ አጥና ነበር ወደ በረት የምትገባው።

«ግራዋውን በደንብ አላለቀለቀችውም» አልክ። ራሴ ቆሜ ሦስት ጊዜ አስለቀለቅኋት፤ መረረ። ግራዋውን አስቀርቼ በአሸዋ አስፈተግኋት፤ መረረ። ቅሉን ቀየርን፤ መረረ። «እንግዲህ የቀረው እጇ ነው፤ የዚች ልጅ እጅ መራራ ነው» ብለህ ፈረድክ። ጎረቤቱ ሁሉ ቦኖው ላይ ለውሃ በተሰለፈበት ጠዋት ሻንጣዋን ከበር ውጭ አቆምክላት። «ይቺን የሚቀጥር ወተቱን ይሰናበት!» ስትል ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። ቀልድ ታውቅ ነበር። እኔ ደጃፉ ላይ ቆሜአለሁ። አፌን አልከፈትኩም።

ክረምት ገባ፣ ሣር በቀለ፣ ወተቱ ጣፈጠ። «አላልኩሽም?» አልከኝ። በሚቀጥለው በጋ እንደገና ሲመር «የሆነ ነገር ትታብን ሄዳለች» ብለህ ቅሉን ሰበርከው። ከዚያ ወዲያ በጋ በመጣ ቁጥር ወተት ትተህ ባዶ ሻይ ስትጠጣ ኖርክ፤ ትክክል ነበርኩ እንዳልክም ሞትክ።

ባለፈው የካቲት አንዲት ልጅ ከዩኒቨርሲቲ መጣች። ላም ከምትበላው ሣርና ቅጠል ውስጥ ምን ምን ነገር ወደ ወተት እንደሚያልፍ የምትለካ ናት። ደስ አለችኝ፤ በየጠርሙሱ ላይ የላሟን ስም፣ ቀኑንና ሰዓቱን በሚነበብ ጽሑፍ ትጽፋለች። እንደ ወጉ ቅሉን አጥኜ አቀረብኩላት። «አይ እማማ፣ ዕቃዎን አልፈልገውም» አለችና ቡሬን ቀጥታ ወደ ጠርሙሱ አለበቻት። ጥቂት በመዳፏ ተቀብላ ቀመሰች። ፊቷን አጨማደደች። ከዚያ ቀና ብላ አጥርህን አየችው።

ከቅጠሉም ቀጥፋ ወሰደች። ከሳምንታት በኋላ ሁለት ወረቀት ይዛ ተመለሰች፤ አንዱ የቅጠሉ፣ አንዱ የወተቱ። በሁለቱም ላይ እንደ ተራራ የሾሉ መስመሮች አሉ። በቅጠሉ ወረቀት ላይ ከሾሉት ብዙዎቹ በወተቱም ላይ በዚያው ቦታ ቆመዋል። «እማማ፣ በበጋ ሣር ስታጣ አንገቷን አስረዝማ የበላችውን ነው መልሳ የምትሰጥዎ» አለችኝ።

ደምሴ፣ እኔ ሠላሳ ዓመት ሳይንስ አስተምሬአለሁ። «ሳትመረምሩ አትፍረዱ» እያልኩ የስንቱን ልጅ መዳፍ በማስመሪያ መትቻለሁ። በቤቴ ግን ግራዋውን ጠረጠርን፣ ቅሉን ጠረጠርን፣ የሰው ልጅን እጅ ጠረጠርን። ወተቱን ቅል ሳይነካው መቅመስ ለአንዳችንም አልታየንም፤ ያልታጠነ ወተት መጠጣት በቤታችን ነውር ነበርና። አንድ ጉንጭ ይበቃን ነበር።

ጫልቱ አግብታ ጎበሳ ከተማ እንደምትኖር ከጎረቤት ሰምቼ ወረቀቶቹን ይዤ ሄድኩ። ወሬህ ቀድሟት ስለነበር ሁለት ዓመት ሙሉ ላም የሚያሳልባት አጥታ፣ በሰው ግንብ ሥራ ላይ አሸዋ ስትሸከም ኖራለች። ዛሬ የራሷ ሦስት ላሞች አሏት። ወረቀቶቹን ዘረጋሁላት። አየቻቸውና ሳቀች። «እትዬ፣ ይህን ለእኔ ምን ያደርግልኛል ብለው ነው? እኔማ እጄን አውቀዋለሁ!»

ከዚያ አንዷን ላም ፊቴ አልባ፣ ባልታጠነ ጣሳ ትኩሱን ሰጠችኝ። ጠጣሁት። ጣፋጭ ነበር። አረፋው ከከንፈሬ ላይ ሳይደርቅ እንዲህ አለችኝ፦ «ጋሼን ይቅር ብያቸዋለሁ፤ ሞተዋል። እርስዎን ግን ገና እያሰብኩበት ነው። መጀመሪያ ቦኖው ላይ ለሳቁት ሰዎች ይንገሩ።»

ስለዚህ እሑድ እነግራቸዋለሁ። ከሳቁት ብዙዎቹ አሁንም የዕድራችን አባል ናቸው። ደምሴ በሐሰት ፈረደ፣ እኔ እያየሁ ዝም አልኩ፣ የጫልቱ እጅ ንጹሕ ነበር ብዬ እቀመጣለሁ። ሬሳ አይወቀስም የሚል ይኖራል፤ ይበል። ለአንተ ብዬ አላለሳልሰውም፣ ለራሴም ብዬ አላሳጥረውም።

አልረሳህም። ታምሜ ሳለሁ በዚያ ዶፍ ዝናብ እስከ አዳማ ሆስፒታል ድረስ ስትነዳ፣ አንድ እጅህ መሪው ላይ፣ አንዱ ግንባሬ ላይ ነበር። ያንን አስባለሁ። ያው እጅ የጫልቱን ሻንጣ ከበር ውጭ እንዳቆመም አስባለሁ። አንዱን ትቼ አንዱን አልይዝም።

አጥርህን በገዛ እጄ ነው የነቀልኩት። ሳምንት ሆነው፤ በየቀኑ በሳሙና እታጠባለሁ። ዛሬ ጠዋት ዳቦ ስቆርስ ጣቴ ምላሴን ነካው። አሁንም ይመራል።

አሰገደች