የእማየ ልጅ የውጭ ዜጋ ሲባል

ለውድ እህቴ ለዐሊማ፣

አሰላሙ ዐለይኪ ወራህመቱላህ። እንዴት ከረምሽ? ጤናሽስ? ባልሽ ፈሪድና ልጆቹስ ደህና ናቸው? ሰንዓ አሁን ሰላም ታድራለች ወይስ ያ ድብደባ እንደገና ጀመረ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ የደሴ ብርድ ብቻ አጥንት ሊሰብር ደርሷል። እማየ ጉልበቷን ቢያማትም ድምጿ እንደ ድሮው ነው። አማርኛሽ እንዳይጠፋብሽ ብዬ በአማርኛ ጻፍኩልሽ።

ወደ ደሴ ልምጣ ወይ ብለሽኝ ነበር። መልሱን ከመስጠቴ በፊት የደረሰብኝን ስሚ፤ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ኮምቦልቻ ብስኩት ፋብሪካ ውስጥ መካኒክ ሆኜ መቀጠሬን ታውቂያለሽ፤ ከሁዴይዳ አብሮኝ ከተሰደደው ከመሕሙድ ጋር። ሥራውን ለምደን፣ ከሠራተኛው ጋር ተዋድደን ሳለን ሥራ አስኪያጁ አቶ አግማስ ጠራን። "እጃችሁን እወደዋለሁ፤ ግን የውጭ ዜጋ ያለ ሥራ ፈቃድ ላሠራ አልችልም፤ ተቆጣጣሪ መጥቶብኛል" አለ። ፈቃዱ እንዲወጣ ደግሞ ሥራውን የሚችል ኢትዮጵያዊ መጥፋቱን ማስረዳት አለበት። መሕሙድ አንገቱን ደፋ። የእኔ ደም ግን ፈላ። ሸዋበር አድጌ፣ ሸዋበር ቁርአን ቀርቼ፣ አባታችን የመን ወስዶ የየመን ፓስፖርት ስላወጣልን ብቻ እኔ የውጭ ዜጋ?

እሺ ብዬ የራሴን ጥገና ቤት ልከፍት ተነሣሁ። የውጭ ሰው ከሆንክ ካፒታል በውጭ ምንዛሬ አስገባ አሉኝ። ከጦርነት በነጠላ ጫማ የወጣ ሰው ምንዛሬ ከየት ያመጣል? የመኖሪያ ፈቃድ ስጠይቅ የሥራ ፈቃድ አምጣ፤ የሥራ ፈቃድ ስጠይቅ ቀጣሪ አምጣ፤ ቀጣሪው ጋ ስሄድ ፈቃድ አምጣ። ወላሂ፣ እንደዚያ ሲያመላልሱኝ ከረሙ።

በመጨረሻ እማየ ነጠላዋን አጣፍታ "ዛሬ እኔም እሄዳለሁ" አለች። የኢሚግሬሽን ቢሮው ስንደርስ ጸሐፊው ፋይሌን ገለጥ አድርጎ "ዜግነቱ የመናዊ ነው፣ እማማ" አላት። እማየ ጠረጴዛውን መታችው። "ይህን ልጅ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል አምጬ የወለድኩት እኔ ነኝ! እኔን ዜጋ ብላችሁ መታወቂያ ሰጥታችሁኛል። ታዲያ ከእኔ ሆድ የወጣው በየት በኩል ነው ባዕድ የሆነው?" አለች።

ጩኸቱን ሰምታ ሥርጉት የምትባል ኃላፊ ከውስጥ ወጣች። አዳመጠችንና "እናቱ ኢትዮጵያዊት ከሆነችማ ለትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ያመልክት፤ እሱን ከያዘ የሥራ ፈቃድ አያስፈልገውም" አለች። እማየ "ታዲያ እስከ ዛሬ ማን አፋችሁን ያዘው?" ስትላት የማመልከቻ ቅጹን አውጥታ ሰጠችን። ያን ሁሉ ጊዜ ስመላለስ አንድ ሰው እንኳ "እናትህ ማን ናት?" ብሎ አልጠየቀኝም፤ እኔም የአባት ወገን ብቻ ይቆጠራል ብዬ አምኜ ነበር።

መታወቂያው ወጣ፤ ወደ ፋብሪካው ተመለስኩ። ግን ደስታዬ ሙሉ አልሆነም። መሕሙድ እኔ የማውቀውን ሁሉ ያውቃል፤ እዚህ አገር የወለደችው እናት ግን የለችውም። ደግሞ ለእሱ ፈቃድ የሚያወጣለት አልተገኘም፤ ወደ ጅቡቲ ለመሄድ ቆረጠ። መናኸሪያ ድረስ ሸኘሁት። አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል በመስኮት ጎንበስ ብሎ "እናትህን ሳምልኝ" አለኝ። ቤት ገብቼ ሳምኳት፤ ከማን እንደሆነ ስነግራት አለቀሰች። እኔ ግን እስካሁን የምናደደው ለእሱ ነው።

ዐሊማ፣ ነይ። አንቺም ልጆችሽም በእማየ በኩል ትገባላችሁ። የፈሪድን ጉዳይ ግን ከወዲሁ ጠይቄ እጽፍልሻለሁ፤ እንደ እኔ በየቢሮው ደጅ እንዲንገላታ አልፈልግም። እማየ "ለእሷማ ከአንተ የባሰ ነው የምጮኸው" ብላለች።

ፈሪድን አክብሬ ሰላም ብያለሁ። ሀይደርንና ታናሹን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። አጎታችን ጣሀና ባለቤቱ አዚዛ ሰላም ይሉሻል፤ በዱዓቸውም አልረሱሽም። እማየ ግንባርሽን ትስማለች።

ወንድምሽ ሁዘይፋ
ደሴ፣ ሸዋበር
ጥር ፲፱ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.