በፊርማህ የሸጥሁት ሞተር

አባዬ፣

እንደምን አለህ ብዬ ልጀምር አልሁና እጄ ተመለሰ። ያለህበትን አንተው ታውቀዋለህ። እኛ ደህና ነን። ከተለየኸን አንድ ዓመት ከስድስት ወር ሆነ። ሙት ዓመትህን በደንብ አውጥተናል፣ ካህናቱም ጎረቤቱም አልቀሩም። የምጽፍልህ ግን ያን ልነግርህ አይደለም። በአንተ ላይ ያጠፋሁት ጥፋት አለና፣ እሱን በራሴ እጅ ልጽፍልህ ብዬ ነው።

ቤቱ ብዙም አልተለወጠ። እማዬ አሁንም ፋብሪካ ነው የምትሠራ፤ ፈረቃዋ ተቀይሮ ጠዋት ወጥታ አሥር ሰዓት ላይ ትመለሳለች። ጥቁሯን ገና አላወለቀችም። ጓሮ የተከልኸው ማንጎ ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አፈራ፤ ወፎቹ ቀደሙን እንጂ። እኔ ከስምንተኛ ክፍል ወዲያ ወደ ትምህርት ቤት አልተመለስሁም። ብትኖር ትቆጣኝ ነበር። እሱም ያሳፍረኛል፣ የዛሬው ግን ከዚያ የባሰ ነው።

መስክ የምትወጣበት ሞተርህ በረንዳ ላይ ሸራ ለብሶ ቆሞ ነበር። እማዬ ስትወጣም ስትገባም ፊቷን ታዞርበታለች። ስልክህን ደግሞ እኔ ወሰድሁት። ቁጥርህ እንዳይዘጋ ካርድ እሞላለታለሁ። መጀመሪያ የደወለው ሰው ከወደ ፎገራ ነበር፤ ፓምፑ ውሃ አልስብ ብሎት ነው። "ይበልጣል አለ?" አለኝ። አፌ ከልጅነቴ ጀምሮ የለመደውን መለሰ። አንተ ፓምፕ ልትጠግን ወጥተህ ደንበኛ በር ሲያንኳኳ ሁልጊዜ የምለውን ታውቀው የለም? "መስክ ናቸው" አልሁት። ሰውዬው አመስግኖ ዘጋ። ስልኩን ይዤ ብዙ ቆየሁ። መስክ ላይ እንዳለህ ሆኖ ተሰማኝ። ደስ አለኝ፣ አባዬ። ከዚያ በኋላ ለደወለልህ ሁሉ እንደዚያው አልሁ።

ይህ አንዱ ነው። ሁለተኛው የቀበሌው ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶኝ መታወቂያ እንዳወጣሁ፣ እማዬ ሞተሩ ከሚዝግ ይሸጥ አለች። ለመሸጥ ሊብሬው ከአንተ ስም ወደ ወራሽ መዛወር አለበት፤ ለዚያ ፍርድ ቤት፣ ለፍርድ ቤቱ ደግሞ የሞት ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል። እሷ ከሥራ ፈቃድ ስላላገኘች እኔን ላከችኝ። ተሰለፍሁ። ተራዬ ደርሶ ሴትዮዋ ቀና ብላ ምን ፈልጌ እንደመጣሁ ስትጠይቀኝ፣ አባቴ ሞቷል ማለት አቃተኝ። ከኋላዬ ሰው አለ፤ ሁሉም የሚሰማኝ መሰለኝ። የመታወቂያ እድሳት መቼ እንደሆነ ጠይቄ ወጣሁ። ያን መታወቂያ ካወጣሁ ገና ወሬ ነው፤ ሴትዮዋ ሳቀችብኝ። ለእማዬ ሲስተም የለም አሉኝ አልኋት። ሌላ ጊዜ ሄድሁ፣ ተመለስሁ፤ ሲስተም የለም። በሦስተኛው እማዬ፣ "ይህ ሲስተም የሚሉት ሰውዬ መቼ ነው ቢሮ የሚገባ?" ብላ ሳቀች። አንተ ከሄድህ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው። ሳቋን ላለማበላሸት እኔም ሳቅሁ።

እማዬ ወረቀቱ አንድ ቀን ይደርሳል ብላ "የሚሸጥ ሞተር" የሚል ካርቶን በሩ ላይ ሰቀለች። በሳምንቱ ሊና የምትባል ፈረንጅ መጣች። ጀልባ ወደብ አካባቢ እንግዳ የሚያስጎበኝ በላቸው የሚባል ሰው ነው ያመጣት፤ የፔዳ ሰፈር ሰው ነው፣ እኛን አያውቀንም። እኔ ብቻዬን ነበርሁ። ሊና በየሄደችበት አገር ሞተር ገዝታ፣ ዞራ፣ ሸጣው የምትወጣ ሰው ናት። አንዱ አገር ፓስፖርቷን አይተው በዕለቱ በስሟ መዝግበውላታል፤ ሌላው አገር አንድ ማኅተም ሦስት ሳምንት አስጠብቋታል። ጣናን ዞራ ወደ ጎንደር ልትሄድ ነው። ሸራውን ስገልጥላት ታንኩን እንደ ፈረስ አንገት ዳበሰችው። ሞተሩ በስንት ጊዜው በሦስተኛው ምት ተነሣ።

በላቸው ባለቤቱ የት እንዳሉ ጠየቀኝ።

"መስክ ናቸው" አልሁ።

ያን ጊዜ እንኳ ልመልሰው እችል ነበር። አልመለስሁትም። እሱም ይቺ ልጅ በየቃሉ የሚያስከፍሏት ነው የሚመስላት ብሎ ቀለደብኝ፣ ለሊናም ተረጎመላት፣ አብረው ሳቁ።

በማግስቱ ሁለቱ ትራንስፖርት ቢሮ ደርሰው መጡ። ለጉብኝት የመጣ ሰው የመኖሪያ ፈቃድ ሳይኖረው ሊብሬ በስሙ አይወጣለትም ብለዋቸዋል። ሊና ከፋት፤ ቪዛዋ ላይ የቀራት ቀን ጥቂት ነው። በላቸው ግን መላ አላጣም። ሊብሬው በአንተ ስም ይቆያል፣ አንተ ሞተሩን ይዛ እንድትንቀሳቀስ ፈቅጃለሁ ብለህ ትፈርማለህ፣ ስልክ ቁጥርህንም ታሰፍራለህ፤ ኬላ ላይ ከጠየቋት ይደውሉልሃል። ወረቀቱን አስጽፎ መጥቷል። አባትሽ ሲመለሱ ይፈርሙልን ብሎ ሰጥቶኝ ሄደ።

የአንተን ፊርማ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። እጅህ በግራሶ ቅባት ተለውሶ ለደንበኛ ደረሰኝ ሲጻፍ፣ አንቺ ፈርሚልኝ ትለኝ ነበር። "ይ"ን ከፍ አድርጌ፣ የመጨረሻዋን "ል" ጅራት ጎትቼ ስመልሳት፣ ከእኔ ታምራለች ብለህ ለሰው ታሳያለህ። በሰው ፊት እርስዎ፣ በቤት አንተ የምልህ እኔ፣ ያቺን ፊርማ ስፈርም ብቻ አንተን ራስህን የሆንሁ ይመስለኝ ነበር። እምነትህ ነበረች። እኔ ወረቀቱን ጠረጴዛህ ላይ ዘርግቼ፣ ባንተ እስክርቢቶ፣ ሞተሬን ለዚህች ሴት ፈቅጃለሁ በሚለው ሥር ፈረምሁ። እጄ አልተንቀጠቀጠ። ዛሬ ድረስ የሚያሳፍረኝ እሱ ነው።

ገንዘቡን ለእማዬ ሰጠሁ። ወረቀቱስ ስትለኝ፣ ሲወጣ ስሙ ይዛወራል፣ ተስማምተዋል አልኋት። እሷንም ሊናንም ዋሸሁ ማለት ነው። ሊና በሩን ስትወጣ የሞተርህ ድምፅ እስኪጠፋ ቆሜ ሰማሁት።

በአምስተኛው ቀን ከሰዓት ስልክህ ጮኸ። በጎንደር በኩል ቆላ ድባ መግቢያ ካለው ኬላ አንድ ፖሊስ ነው። ድምፁ ትሁት ነው። ባለ ንብረቱን አገናኚኝ አለኝ። መስክ ናቸው አልሁት። መቼ ይመለሳሉ አለ። አላውቅም አልሁት። ሰሞኑን ኬላ ላይ ወረቀት በደንብ እንደሚታይ፣ ባለቤቱ በራሱ አፍ እስኪናገር ሞተሩም ሴትዮዋም እዚያው እንደሚቆዩ ነገረኝ። ከዚያ ስልኩን ለሊና ሰጣት መሰለኝ፣ በተሰባበረ አማርኛ ሰላም አለችኝ። እኔን አልተቆጣችም። አንተ ስልኩን አላነሣ ስትል የሆነ ነገር ደርሶብህ መስሏት ነው።

"አባት ደህና ነው?" አለችኝ።

ስለ አንተ እንዲያ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ከቀረ ቆይቷል። ስልኩን ለፖሊሱ መልሺልኝ አልኋት።

"አባቴ ሞቷል" አልሁት።

ከለቅሶህ ቀን ጀምሮ ሰው ሁሉ ሲለው ሰምቻለሁ፤ እኔ ግን ብዬው አላውቅም ነበር። ፖሊሱ ነፍስ ይማር አለ። ቀጥሎ፣ "ታዲያ ይህን ማን ፈረመው?" አለኝ። እኔ ነኝ አልሁት።

እማዬን ከፋብሪካው በር ላይ ጠብቄ ሁሉንም ነገርኋት። አልመታችኝም፣ አልጮኸችም። ሲስተሙ አንቺ ነበርሽ ማለት ነው አለችና ቀድማኝ ወደ ቤት ሄደች።

ጠዋት በላቸውን ይዘን በመኪና ሄድን። ለሊና እየተረጎመ ይወስዳት የነበረው ሰው መንገዱን ሁሉ አፍሮ፣ አንገቱን ደፍቶ ነበር። የገበያ ቀን ነው። ሞተርህ ፖሊስ ጣቢያው ፊት ለፊት፣ የጤፍ ማዳበሪያ ከሚራገፍበት አጠገብ ቆሟል፤ ሊና አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። ፖሊሱ በእድሜ ገፋ ያለ ሰው ነው። በሟች ስም መፈረም ምን እንደሚያስከትል ነገረኝ። ልጅ መሆኔን፣ በራሴ አፍ ማመኔን አይቶ ቃሌን ብቻ ጽፎ ተቀበለኝ። ሞተሩ ግን በስሟ ሊሆን አይችል፣ ባለቤቱም የለ፤ ወራሽ እስኪታወቅ ማንም አይነዳውም አለ። ሊናን ልቀቋት ስንለው እሷስ ምን አጠፋች ብሎ ለቀቃት።

እኔ እዚያ አለቀ ብዬ ነበር። አንድ ሸበት ያሉ ገበሬ እህላቸውን ትተው መጥተው ሞተርህን ዞረው ዞረው አዩት። የመሣሪያ ሳጥኑን የበየድህበትን ቦታ ነክተው፣ ይህ የይበልጣል አይደለም ወይ ብለው ጠየቁ። እማዬ ጥቁር ለብሳ ቆማለች። ሰውዬው አይተዋት ገባቸው። እኔን ዞረው አዩኝ፤ ልጃቸው ነኝ ስል ድምፄን ከስልክ አወቁት።

"መስክ ናቸው ስትይኝ የነበርሽ አንቺ ነሽ?"

አዎ፣ እኔ ነኝ አልኋቸው። ባለፈው በጋ ሦስት ጊዜ ደውለውልሃል። ሽንኩርታቸው ደርቆባቸዋል። ሳትሞት እመጣለሁ ብለሃቸው ነበርና፣ ስትቀር ቃልህን የበላህ መስሏቸው ዓመት ሙሉ ተቀይመውህ ኖሩ። ሌላ ጠጋኝ አምጥተው፣ ይበልጣል የሚባል ሰው ሰው አይደለም ብለው ለሰፈሩ ተናግረዋል። ይህን ሲነግሩኝ እያለቀሱ ነው። ሰው በቁሙ አለ እያልሁ ሙቱን አማሁ አሉ። ባርኔጣቸውን አውልቀው መሬት ላይ ተቀመጡ። የሚያውቁህ ሰዎች አንድ ሁለት እያሉ ከእህሉ መሃል መጡ። እማዬ አብራ ተቀመጠች። እዚያው ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ለቅሶ ሆነ፤ ፖሊሱ ቆቡን በእጁ ይዞ ቆመ።

አባዬ፣ እኔ አንተን ያቆየሁ መስሎኝ ነበር። መርዶህን ደብቄ ስምህን ነው የቀበርሁት። በመስኩ ሁሉ ሰው ሲጠብቅህ፣ ሲያማህ፣ እኔ እቤት ተቀምጬ ስልክህን ቻርጅ አደርጋለሁ። በሕይወትህ አንድ ቀን ቃልህን ያልበላህ ሰው፣ በልጅህ አፍ ቀጣፊ ሆንህ።

ሊናም ከሴቶቹ ጋር መሬት ተቀምጣ ነበር። ሲነሡ ለበላቸው አንድ ነገር ነገረችው። መጀመሪያ ሊተረጉምልኝ አልፈለገም። "ሞቷል ብትለኝ እጠብቃት ነበር ነው የምትል" አለኝ። ገንዘቧን እማዬ መለሰችላት። የባከኑባትን ቀናት ግን ማን ይመልስላት? ጣናን ሳትጨርስ በአውቶቡስ ሄደች። ሞተርህ በአይሱዙ ተጭኖ መጣ፤ አሁንም በረንዳ ላይ ነው።

በማግስቱ ቀበሌ ብቻዬን ሄድሁ። እማዬ ልምጣ አላለችኝም፣ እኔም አልለመንኋትም። ተሰለፍሁ። ያችው ሴትዮ ናት፤ የመታወቂያ እድሳት ነው ብላ ቀለደችብኝ። አባቴ ሞቶ ላስመዘግብ ነው አልኋት፣ ከኋላዬ ያለው ሰው ሁሉ እየሰማ። ሳቋን አቆመች። ስምህን፣ ዕድሜህን፣ በምን እንደሞትህ ጠየቀችኝ፤ ኩላሊት መሆኑን ሳይቀር ሁሉንም መለስሁ። ቅጹን አዙራ አስመዝጋቢ እዚህ ላይ ይፈርማል አለችኝ።

እስክርቢቶውን ስይዝ እጄ "ይ"ን ከፍ አድርጎ ሊጀምር ተነሣ። ሌላ ፊርማ አያውቅማ፤ ለመታወቂያዬም ለፖሊሱም ያተምሁት ጣቴን ነው። አቆምሁት። የራሴ ፊርማ እንደሌለኝ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ስምሽን መጻፍ ይቻላል አለችኝ። እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ ፊደል በፊደል ጻፍሁ። ስለናት። ከዚያ ቀጥሎ ያንተን ስም መጻፍ ነበረብኝ። ይበልጣል ብዬ ጻፍሁት፣ ያለ ከፍታ፣ ያለ ጅራት፣ ከስሜ ኋላ።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ከሰዓት ስልክህን ከፍቼ ከተመዘገቡት ለአንድ አንድ ሰው እደውላለሁ። አንዳንዱ እስኪሰማኝ ሁለቴ እደግመዋለሁ። ልጁ ነኝ፣ አባቴ አርፏል፣ ያልመጣው ሞቶ ነው እላቸዋለሁ። የወንዛዬ ደንበኞችህን ጨርሻለሁ። የፎገራዎቹ ብዙ ናቸው። አንዳንዶቹ ለምን እስካሁን ይሉኛል፤ የእኔ ጥፋት ነው እላለሁ። ማንም ሰው ይበልጣል እመጣለሁ ብሎኝ ቀረ የማይልበት ቀን እስኪደርስ እደውላለሁ። ያቺን ያማረች ፊርማህን ከእንግዲህ በእጄ አታያትም። ስሜን በጻፍሁ ቁጥር ግን አንተን እጽፋለሁ፤ በጻፍሁህ ቁጥርም መሞትህን አልደብቅም።

ልጅህ፣
ስለናት ይበልጣል