የእኅትማማችነት ቤትን ሕግ ስለ ጣሰችው ልጄ

ለተከበሩ የዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች አገልግሎት ዲን፣
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ ከቢቸና እጅ ነሥቼ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ክረምቱን እንዴት ይዘውታል? ጉልበትዎ፣ ዐይንዎ፣ በተለይም የምግብ ፍላጎትዎ እንደምን ሰነበተ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ልጄም በእርስዎ ቸርነት ከትምህርቷ ዐርፋ፣ ከቤቴ ተቀምጣ ግድግዳ ታያለች። ቀደም ሲል በዝግ ፖስታ የላክሁት አቤቱታ በመሥሪያ ቤትዎ በክብር ተቀምጦ ስለ ቀረ፣ ይህንኛውን ሰው ሁሉ እያየው ብጽፍልዎ ይሻላል ብዬ ነው።

እኔ መሪጌታ ገብረ ሕይወት፣ ከቢቸና ወጣ ብሎ ባለ ደብር ቅኔ የማስተምር ሰው ነኝ። ድፍረት አይሁንብኝና እርስዎና እኔ የሙያ ባልደረቦች ነን፤ እርስዎ ተማሪ በፎቅ ያሳድራሉ፣ እኔ በሣር ጎጆ አሳድራለሁ። ስለዚህ ያልገቡኝን ጥቂት ነገሮች የማነሣው ለመማር እንጂ ለመክሰስ አይደለም።

አንደኛ፣ ስለ ስሙ። በዚህ ዓመት የሴቶቹን መኝታ ሕንጻ «የእኅትማማችነት ቤት» ብለው መሰየምዎን፣ በሩ ላይም «እዚህ ሁላችንም ቤተሰብ ነን» የሚል ጽሑፍ በሚያምር ቀለም ማስጻፍዎን፣ ሁሉም አብረው የሚበሉበት አዳራሽ መርቀው መክፈትዎን ልጄ ማርያማዊት በስልክ ስትነግረኝ እልል ልል ምንም አልቀረኝም ነበር። ጥፋቱ የእኔ ልጅ ነገሩን የምር አድርጋ መውሰዷ ነው። ጽሑፉ ለጌጥ እንደ ተጻፈ የሚነግራት ሰው አላገኘችም።

ሁለተኛ፣ ስለ በሽታው። ወይንእሸት የምትባል የሞጣ ልጅ፣ ከማርያማዊት ጋር በአንድ ክፍል የምታድር፣ በታይፎይድ ወደቀች። ክሊኒኩ መድኃኒት ሰጥቶ ባዶ ሆድሽን እንዳትውጪው ብሎ ወደ መኝታዋ ላካት፤ እርሷ ግን ደረጃውን ወርዳ ከአዳራሹ መድረስ አቃታት። በሕግዎ መሠረት ምግብ ከአዳራሹ አይወጣም፤ ለታመመ ሰው እንዲወጣ ከተፈለገ ደግሞ ታማሚው ራሱ በአካል ቀርቦ፣ መቅረብ አለመቻሉን ማስረዳት አለበት። ይህን ሕግ ለተማሪዎቼ ብነግራቸው አንዱ ቅኔ መስሎት ወርቁን ሲፈልግ ዋለ፤ በኋላ አሳዘነኝና፣ ልጄ፣ ይኼ ወርቅ የለውም፣ እለፈው አልሁት።

ማርያማዊት ከራሷ ድርሻ ግማሹን በልታ፣ ግማሹን በነጠላዋ ጠቅልላ ስትወጣ በር ላይ ተያዘች። የቀረበባት ክስ «የግቢውን ንብረት ማሸሽ» ይባላል። ከአንዱ እንጀራ ሆዷ የገባው ግማሽ የእርሷ፣ ነጠላዋ ውስጥ ያለው ግማሽ የመንግሥት የሆነበትን ረቂቅ ምሥጢር በዚህ ዕድሜዬ አልደረስሁበትም። ቢያስተምሩኝ ባለ ውለታዬ ነዎት።

ሦስተኛ፣ ስለ ዘበኛው። በእኛ አገር ቁራሽ ይዞ የሚሄድ ተማሪን የሚያስቆመው ውሻ ብቻ ነው። በእርስዎ ቤት ለዚሁ ሥራ ሰው መቀጠሩ የሥልጣኔ ምልክት ነውና ደስ ብሎኛል። ሰውየው ሰጠኝ ይባላል፤ በልጅነቱ ከእኔ ዘንድ ቅኔ ተምሯል። አንድ ክረምት ወባ ጥሎት ከጎጆው መውጣት ሲያቅተው ያበሉት ጓደኞቹ ናቸው፤ በእኛ ሥርዓት በየደጁ ተለምኖ የመጣው እህል ሲከፋፈል የታመመው ድርሻ ቀድሞ ይወጣል። ሰጠኝ ልጄን ሲይዛት የማን ልጅ እንደ ሆነች አላወቀም። ባወቀ ጊዜ ደውሎልኝ፣ የኔታ፣ ዝም ብዬ ባሳልፋት እንጀራዬን አጣ ነበር፣ ልጆቼን ማን ያበላልኛል ብሎ አለቀሰ። አልፈረድሁበትም። እኔ ለዓመታት ደክሜ ያስተማርሁትን እርስዎ በአንድ ማስታወቂያ አስረስተውታልና፣ ለዚህ የማስተማር ችሎታዎ አድናቆቴ ይድረስዎ።

አራተኛ ብዬ የምቆጥረው ነገር ብዙ ነበር፤ የአልጋው ትኋን አለ፣ የውኃው ነገር አለ። ልቤ ግን ከአንዱ አልፎ አልሄድ ብሎኛልና እርሱን ብቻ ልናገር። የዲሲፕሊን ኮሚቴዎ ልጄን ለአንድ ዓመት ካገዳት በኋላ፣ እርስዎ ራርተው፣ «ባደረግሁት ተጸጽቻለሁ፤ ከእንግዲህ ለማንም ምግብ አላወጣም» በሚል ወረቀት ላይ ከፈረመች በመስከረም እንድትመለስ ፈቅደውላታል። እግዜር ይስጥልኝ። እውነቱን ልንገርዎና፣ ፈርሚ አልኋት። የቀራት የመጨረሻው ዓመት ነው፤ ከቤታችን ዩኒቨርሲቲ የገባች ሌላ ልጅ የለችም፤ እናቷ ይህን ሳታይ ነው ያለፈችው። ፈራሁ። ማርያማዊት ግን እምቢ አለችኝ፤ አባቷን እምቢ ስትል ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

ወይንእሸት ድናለች። ከሞጣ ድረስ መጥታ፣ በእኔ የተነሣ ከትምህርትሽ አትቅሪ፣ ፈርሚልኝ ብላ እግሯ ላይ ወደቀች። ለእርሷም እምቢ አለች። ሁለታችንን ያሳፈረችን በአንድ ጥያቄ ነው፤ ፈርሜ ብመለስና አጠገቤ ያለችው ብትታመም ምን ላድርግ አለችን። በተማሪ ጥያቄ የሸበትሁት ሰውዬ ጥያቄዋን ለእርስዎ ላሳልፍ ብዕሬን አነሣሁ። ልጄ እንድትማር እፈልጋለሁ፤ እንድትፈርምም አልፈልግም። ሁለቱን አንድ ላይ ይዞ መዋል እንዴት እንደሚያደክም እርስዎን አይግጠምዎ።

ስለዚህ ክቡርነትዎ መልሱን እንዲሰጡልን በትሕትና እለምናለሁ። ከፊርማው ቦታ በላይ፣ በገዛ እጅዎ፣ «እኅትሽ ታማ ስትራብ ብታዪ እንዲህ አድርጊ» ብለው ይጻፉላት። ጽፈው ከላኩ ልጄ ፈርማ ትመጣለች፤ እኔም በምስክርነት እፈርማለሁ። ለመጻፍ እጅዎ እምቢ ካለዎት ደግሞ ወረቀቱን ይቅደዱትና ልጄን ወደ ትምህርቷ ይመልሷት።

ሹመትዎን ያጽናልዎ፤ ከማዕድዎ ፍርፋሪ እንኳ ሳይወጣ፣ እንደ ተጠበቀ ያኑርልዎ እያልሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

የጎጆ ቤቱ ባልደረባዎ
መሪጌታ ገብረ ሕይወት
ከቢቸና

ግልባጭ፦
ታሞ ለማያውቅ የኮሚቴ አባል ሁሉ

ማሳሰቢያ፦ ሰው ነዎትና አንድ ቀን መታመምዎ አይቀርም። ያን ዕለት ከአልጋዎ አጠገብ የሚገኘው ሰው ያንን ወረቀት የፈረመ እንዳይሆን ከልቤ እጸልይልዎታለሁ።