ሮሐ ያላበቀለቻቸው ጥርሶች

ውድ እማዬ፣

ትናንት ደውለሽ ስለ ፊሊጶስ ድድ ሦስት ጊዜ ጠየቅሽኝ። «አበጠ? ነጣ? ተቅማጥስ?» አልሽ። የእኔን ጤና አንድ ጊዜም አልጠየቅሽም። የሦስት ወር ልጅ ድድ ምን ይሆናል ብዬ ስቄ ዘጋሁት፤ ሳቄ ግን የውሸት ነበር። ስለዚህ በስልክ ያላልኩሽን እጽፍልሻለሁ።

ሮሐ አምስት ወሯ እያለ፣ ለሦስት ቀን ሥልጠና አዳማ ስሄድ ለአንቺ ትቼልሽ ነበር። እኔ በሌለሁበት ተቅማጥ ያዛት። ስመለስ አፏ አብጦ፣ ጡት አልይዝ ብላ ታለቅሳለች። የባለቤቴ እናት እማማ ተናኘወርቅ ከሳጉሬ መጥተው አጠገቧ ተቀምጠዋል። አንቺ ጓዳ ጠርተሽኝ፣ «አማትሽ ድዷን ሲነካኩ አይቻለሁ፤ እኔ ምን አውቄ» ብለሽ ሹክ አልሽኝ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰባት ዓመት ሙሉ ሮሐን ከእሳቸው ጋር ብቻዋን ትቼ ወጥቼ አላውቅም። ያመጡላትን አይብ እንኳ እኔ ሳልቀምሰው አትበላም ነበር።

ባለፈው ሳምንት ሮሐ ጥርሷን አሟት እዚሁ አሰላ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ታች ግራና ቀኝ ክፍት ቦታ እንዳላት አውቅ ነበር፤ ዘግይቶ ይበቅላል እያልኩ ነው የቆየሁት። ዶክተር ጉደታ ራጅ አንስቶ ክራንቻዎቿ ጭራሽ እንደሌሉ አሳየኝ።

«የወተት ጥርስ የሚጀምረው ገና ማህፀን ውስጥ፣ በሁለተኛው ወር ነው» አለኝ። «ልጅ ሲወለድ ሃያዎቹም ድዱ ውስጥ ተደብቀው አሉ። ኋላ ክራንቻውን የሚተካውም ከሥሩ ጀምሯል። ድዱ በክራንቻው ቦታ ነጣ ብሎ ሲያብጥ ሰው ግግ ነው፣ ተቅማጡን ያመጣው እሱ ነው ይልና ፍቆ ያወጣዋል። ትል ወጣ ይላሉ፤ የሚወጣው ግን ራሱ ጥርሱ ነው።»

ደሜ ፈላ። ሳጉሬ ሄጄ እማማ ተናኘወርቅን ምን እንደምላቸው ማሰብ ጀመርኩ። ሐኪሙ ግን «በዘር እንዳይሆን የአንቺንም ልየው» አለኝ። አፌን ከፈትኩለት።

«ያንቺስ ክራንቻዎች የት ሄዱ?»

«ልጅ ሆኜ ወድቄ ነው። እናቴ ነግራኛለች።»

«ወድቀሽ፣ መሃሉ ሳይነካ ግራና ቀኙ ብቻ?» አለኝ።

 ሁሩታ፣ አንቺ ቤት ሕፃን ሳለሁ እማማ ተናኘወርቅ የት ያውቁኛል?

ቅዳሜ ሳጉሬ ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። አልተቆጡኝም። «እኔ ስደርስ አልቆ ነበር» አሉኝ። «ደሙን ከልብሷ ያጠብኩት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ሰባት ዓመት ለምን ዝም አሉ?»

«ከወለደችሽ ላጣላሽ? እኔን ብትጠዪኝ ይሻላል ብዬ ነዋ፣ ልጄ።»

እግራቸው ላይ ወድቄ አለቀስኩ።

እማዬ፣ ከእኔ በፊት የወለድሽው ወንድሜ በተቅማጥ እንደሞተብሽ አውቃለሁ። ያደረግሽው ፈርተሽ ነው፣ በክፋት አይደለም። የእኔንም የሮሐንም ጥርስ ይቅር ብዬሻለሁ። በንጹሕ ሰው ማሳበብሽን ግን ይቅር ልል እሞክራለሁ፣ አልሆነልኝም።

የወሊድ ፈቃዴ እሑድ ያልቃል። ፊሊጶስን እኔ እይዘዋለሁ ብለሽኝ ነበር። ሰኞ ጠዋት የሚረከቡኝ እማማ ተናኘወርቅ ናቸው። አንቺም ነይ፣ ቤትሽ ነው፤ ልጁን የምታቅፊው ግን እኔ ባለሁበት ብቻ ነው።

እወድሻለሁ እማዬ። አላምንሽም።

ልጅሽ መክሊት
ከአሰላ