ቀበሮዎቹ ያሉበትን ልንገርህ

ውድ የአጎቴ ልጅ ኺድር፣

ደብዳቤህን ከሃልፋ ከተማ የመጣው የጭነት መኪና ሾፌር ሰጠኝ። ሰላምታህ አንድ መስመር፣ ልመናህ አንድ ገጽ። «ሲትና፣ ወንዱ ቀበሮ ግልገሎቹን ይዞ የት እንደገባ ካንቺ በቀር የሚያውቅ የለም። የሐጂ ኮርቲ እርግቦች አሁንም እያለቁ ነው። ሠርጉ ሳይደርስ ጠቁሚኝ፤ አንቺ እኮ እህቴ ነሽ» ትላለህ። እህቴ! ከመቼ ወዲህ ነው እህትህ የሆንኩት? ዓይንህን በጨው ታጥበህ ነው መሰለኝ የጻፍከው።

የት እንዳሉ አውቃለሁ። እነግርሃለሁም። ግን መጀመሪያ ስማኝ።

የእናታቸውን ጉድጓድ ካንተ በቀር ለማንም አሳይቼ አላውቅም። ጠዋት ጠዋት ለፍየሎቹ ሣር ሳጭድ፣ ከአሮጌው ምሽግ ፍርስራሽ ስር ስትወጣ አያት ነበር፤ ቀላ ያለች፣ የጭራዋ ጫፍ ነጭ። ለአንተ ያሳየሁት ባልሽ ይሆናል ስለተባልኩ ነው። መንገዷን ሁሉ አስተማርኩህ። በባቄላው ማሳ አድርጋ፣ ቦዩን ተከትላ ወደ ዘንባባዎቹ ትወርዳለች፤ የረገፈ ቴምር ትለቅማለች፣ አይጥ ትይዛለች፣ የተረፋትን አፈር ውስጥ ትቀብራለች። ከደረቁ ወንዝ አታልፍም፤ ማዶው የሌላ ቀበሮ ነው። የድንበሩ ድንጋይ ላይ ኩሷን ጥላ ስትመለስ አይተህ፣ «ይቺስ ከአጎታችን ከዳውድ ትሻላለች፣ የሰው መሬት አትገፋም!» ብለህ እንዴት እንደሳቅክ ረሳኸው?

የሐጂ ኮርቲ የእርግብ ቤት ደግሞ ከደረቁ ወንዝ ማዶ ነው። ይህን ታውቃለህ።

የኒዕማትን እጅ መጠየቅህን የሰማሁት ከሰው ነው። አባቷ ሐጂ ኮርቲ በወንዶች መሃል፣ «አንድ ቀበሮ ያቃተው ጎረምሳ ልጄን ሊያስተዳድር ነው?» ብለው እንዳሳቁብህም የሰማሁት በኋላ ነው። ያን ዓርብ ከጸሎት ስትመለስ ግን ምንም አላወቅኩም። «ሲትና፣ ግልገሎቹን አንዴ አሳይኝ፣ ወደ ሃልፋ ከመሄዴ በፊት» አልከኝ። አራቱ እርስ በርስ ሲናከሱ፣ ሲንከባለሉ አብረን አየን። እኔ ሞኟ ደስ ብሎኝ እጅህን ያዝኩ።

በሦስተኛው ቀን እናታቸው በሐጂው በር ላይ ተሰቅላ አየኋት። ዓሣ አድርገህ ወጥመድ አስቀመጥክባት። ሐጂውም «ወንድ ማለት እንዲህ ነው!» አሉ አሉ። የገደልካት ጥፋተኛ ስለሆነች አይደለም፤ አንተ ደጃፏን ስለምታውቅ ነው። ደጃፏን ያሳየሁህ ደግሞ እኔ ነኝ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይሉ የለ? እንዲያ ነው የጣልከኝ።

ወንዱ ቀበሮ አይጥ በአፉ ይዞ መጣ፤ ጉድጓዱ አፍ ላይ አስቀመጠና ጠራት። አልወጣችም። ደግሞ ጠራት። እዚያው ሣሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። በማግስቱ አራቱንም አንድ በአንድ በአፉ አንጠልጥሎ ወሰዳቸው።

የወሰዳቸው የት መሰለህ? አዲሱ ቤትህ! የሙሽራው ክፍል የጭቃ መደብ ስር አፈሩ ለስላሳ ነው፤ ቆፍሮ አስገባቸው። ያን ግድግዳ አምና ከእህትህ ጋር ሆኜ የለሰንኩት እኔ ነኝ። ኖራ የቀባሁት፣ በሩ ራስ ላይ ሳህኖቹን ለጌጥ የደረደርኩት እኔ ነኝ። የራሴ ቤት መስሎኝ ነበር፣ ኺድር።

ወጥመድህን አታንሳ። ለእናትህ ነግሬያቸዋለሁ። ወገባቸውን ይዘው መደቡን አዩና፣ «ይሄ የሙሽራ ቤት ነው። እጄን ሂና ነክሬ በሩ ላይ አትሜያለሁ። ከእንግዲህ ከሠርጉ በኋላ አርባ ቀን እስኪሞላ ደም አይፈስበትም፤ ከፈሰሰበት ሙሽሪት ትመክናለች። ልጄም ይሁን ሐጂው፣ የነካቸውን ሰው አያድርገኝ!» አሉ። ይህንኑ ለሐጂው ላኩባቸው። ሐጂውም የልጅ ልጅ ከእርግብ ይበልጥባቸዋል መሰል፣ የቀበሮውን ነገር ተዉት።

ሠርጉ የቴምር ለቀማ ሲያልቅ ነው። አርባው ቀን ሲሞላ ግልገሎቹ አድገው፣ የየራሳቸውን ድንበር ፍለጋ ይበተናሉ። ያን ጊዜ ባዶ ጉድጓድ ብትቆፍር ማንም አይከለክልህም።

ለሠርጉ አልመጣም፤ እናትህም አልተቀየሙኝም። አንተ ግን መደቡ ላይ ከሙሽራህ ጋር ስትቀመጥ ከስርህ ሲንኮሻኮሹ ትሰማለህ። ኒዕማት «ምንድን ነው?» ብላ ትጠይቅሃለች። እውነቱን ንገራት። እናታቸው የት እንዳለች ስትጠይቅህም ንገራት። ያን ቀን ይቅር እልህ ይሆናል።

እህትህ ያልሆንኩት፣
ሲትና