የወይዘሮ ኦብዱሊያ የእሁድ ድምፅ

ወይዘሮ ኦብዱሊያ ሴርዳ ከአባታቸው ከአቶ ፊደንሲዮ ሴርዳና ከእናታቸው ከወይዘሮ ካሲልዳ ሮብሌዶ፣ በቴክሳስ በዚችው በመርሴዲስ ከተማችን፣ እ.ኤ.አ. መጋቢት 9 ቀን 1941 ተወለዱ። አባታቸው የብርቱካን እርሻ ውሃ አጠጪ ነበሩ።

ትምህርታቸውን እስከ ስድስተኛ ክፍል ተከታትለዋል። በየዓመቱ ሙቀቱ ሲጀምር ቤተሰቡ ተጭኖ ወደ ሚሺጋን ለቼሪ ፍሬ ለቀማ ይሄድ ስለነበር፣ አስተማሪዎቹ ስማቸውን ሳይለምዱት ይለያዩ ነበር።

በ1959 በብርቱካን ማሸጊያ ቤት ተቀጥረው፣ እያንዳንዱን ፍሬ በስስ ወረቀት እየጠቀለሉ እስከ ጡረታቸው ሠርተዋል። ዓይናቸው ሌላ ቦታ እያየ እጃቸው ይጠቀልል ነበር።

በ1962 ከትራክተር ነጂው ከአቶ ኤልፊዲዮ ትሬቪኞ ጋር በቤተ ክርስቲያን ተጋብተው አቤላርዶን ወለዱ። ክርስትና ያነሳሁት እኔ ጎረቤታቸው ቶማሳ ነኝ፤ አበልጅነታችን ከዚያ ይጀምራል። አቤላርዶ ሲያድግ እንደ ብዙዎቹ ልጆቻችን ሚሺጋን ሄዶ እዚያው ቀረ። አቶ ኤልፊዲዮም በ2004 አረፉ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ከሬዲዮው በቀር የሚናገር አልነበረም።

እናታቸውም ታላቅ እኅታቸውም በመርሳት በሽታ ነው የሄዱት። እኛ «እርጅና ነው» እያልን ቀበርናቸው። በ2013 አጥኚዎች ወደ ቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ መጡ። ይህ አልዛይመር የሚሉት የመርሳት በሽታ ዘራችን ከሜክሲኮ የሆነውን የኛን ሰው አብዝቶ እንደሚይዝ፣ በጥናቱ ውስጥ ግን የኛ ሰው ጥቂት እንደሆነ ሲነግሩን፣ መጀመሪያ እጃቸውን ያወጡት ወይዘሮ ኦብዱሊያ ናቸው። ጥናቱ ሰው ብቻውን እንዲመዘገብ አይፈቅድም፤ በቅርብ የሚያውቀው ሰው በየዓመቱ «ዘንድሮ ምን ተለወጠባቸው?» ተብሎ ይጠየቃል። እሳቸውም የልጃቸውን ስልክ ሰጡ።

ልጁ በተጠየቀ ቁጥር «እናቴ ደህና ናት፣ እንዲያውም ከኔ ትሻላለች» ይል ነበር። አልዋሸም። እሁድ እሁድ ሲደውል ቀልዳቸውም ጨዋታቸውም ቦታው ላይ ነው። ምክንያቱም፣ ወገኖቼ፣ ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ የእሁዱን ንግግር ሲለማመዱ ይውሉ ነበር፤ በአጥር ማዶ እሰማቸው ነበር።

በ2017 ወደ ጥናቱ ዓመታዊ ምርመራ እኔን ይዘውኝ ሄዱና መርማሪዋን «ልጄ፣ አቤላርዶ የሚያውቀው የእሁድ ድምፄን ነው። የሰኞውን ይህችን ጠይቂያት» አሏት።

እኔም አበልጄን ላለማሳጣት «ኧረ ምንም አልሆኑም! እንኳን እሳቸው እኔም ቁልፌን እረሳለሁ» አልኩ።

«አንቺ ቶማሳ! ሳልጠራሽ ማጀቴ ድረስ ስትገቢ ኖረሽ ዛሬ አፍሽ ተለጎመ? የእንቁላሉን ነገር ንገሪያት እንጂ!»

ነገርኳት። እንቁላሉን፣ ማንኪያውን፣ የአቶ ኤልፊዲዮን ፎቶግራፍ ሳይቀር በጋዜጣ እየጠቀለሉ ካርቶን ውስጥ ይደረድራሉ አልኳት።

«ፎቶውንም አይተሻል? አንቺ አጮላቂ!» ብለው ሳቁ። እጄን ግን እስክንወጣ አልለቀቁትም።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ መሰከርኩ። በመጨረሻው ጊዜ መርማሪዋ «እኚህ ማን ናቸው?» ብትላቸው ብዙ አዩኝና «ስሟ ጠፋኝ። እሷ ግን ታውቀኛለች፤ እሷን ጠይቂያት» አሉ።

ወይዘሮ ኦብዱሊያ ኅዳር 21 ቀን 2023 በቤታቸው አረፉ። ቀብሩ የዘገየው በቃላቸው መሠረት አንጎላቸው ለጥናቱ ስለተሰጠ ነው፤ ይህን የምነግራችሁ ሐሜት እንዳይሆን ብዬ ነው። አቤላርዶ መጀመሪያ «እናቴን ሙሉዋን ነው የምቀብራት» ብሎ ነበር። እኔ «ቃሉን የሰጡት በሰኞ ድምፃቸው ነው» ስለው አለቀሰና ፈረመ።

አንድ ልጅ፣ ሁለት የልጅ ልጆችና አንዲት አበልጅ ትተውልን ሄደዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በስማቸው ጠርቶ ይቀበልልን። መልሱ ቢጠፋባቸው ትንሽ ይታገሣቸው፤ እኔም አርጅቻለሁ፣ ከኋላቸው ደርሼ ስለ እሳቸው እናገራለሁ።