ከዝግ ዕቃ የጎደለ

አልዩ አምባ፣ ጥር 1977

ወንድሜ ዓወል፣ አሰላሙ ዓለይኩም። ሰላምታዬ ይህን ዳገት ወጥቶ ሌኒንግራድ ይድረስህ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

ኒውትሮን የሚባለውን ቅንጣት በዝግ ዕቃ አኑራችሁ ስትቆጥሩት ከሚገባው በላይ እንደሚጎድል፣ ከማይታይ መንታው ጋር ተቀላቅሎ ይሆናል ብላችሁ እንደምትፈልጉት የጻፍከውን ለአባባ አነበብኩለት። «ክዳኑ ሳይከፈት ማን ወሰደው?» አለ። ታናሻችን ዓብዱ ሳይመለስ ከቀረበት ከዚያ አርብ ገበያ ወዲህ የተናገረው ይህንኑ ብቻ ነው።

እማዬ ከትሪው የዓብዱን በኩል አታስነካንም፤ እንጀራው እዚያው ይደርቅና ለዶሮ ይሄዳል። የቀበሌው ሊቀመንበር አምስት ናችሁ ብሎ ሲጽፍ «ስድስት ነን!» ብላ ጮኸችበት።

አንተ በመፈለግህ ትመሰገናለህ፤ እዚህ የፈለገ ይጠየቃል።

አንድ ነገር ብቻ ጻፍልኝ፦ ከጎደሉት መሀል ተመልሶ የተቆጠረ አለ?

አላህ ሳንጎድል ያገናኘን።

እህትህ ኩብራ